ለጢማሞቹ የሳልኋቸው ዓይኖች

በዕድሜዬ በብሩሽ የሳልሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም በሦስት ቀን ውስጥ። በመጀመሪያው ልጄን አሳሰርኋት፣ በሁለተኛው አስፈታኋት። ስትፈታ ግን የነበረችው ልጅ ሆና አልተመለሰችም፤ እኔም የነበርሁት ሴት ሆኜ ቤቴ አልገባሁም። ፊደል የቆጠርሁት ሸምገል ካልሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። መስመሬ ቢንጋደድ እናንተ አቃንታችሁ አንብቡልኝ።

ያኔ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ አባቴ ባወረሱኝ ቤት እኖር ነበር። አባቴ አለቃ ተገኘ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ከከተማው እስከ ጉና ግርጌ ድረስ እጃቸው ያላረፈበት ደብር ጥቂት ነው። በልጅነቴ ቀለም እፈጭላቸው፣ ሙጫ አፈላላቸው ነበር። ሴት ልጅ ነሽ ብለው ብሩሽ አላስያዙኝም፤ ዓይኔን ግን ማን ይከለክለዋል፣ የሚሠሩትን ሁሉ አይ ነበር።

ባሌ ታከለ በሕመም ሞተብኝ። ትልቁ ልጄ ደሳለኝ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ በደብተሩ መካከል የታጠፈ ወረቀት ተገኘ ተብሎ ከቤት ተወሰደ። ወረቀቱ ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላውቅም። ከፊቴ ዘርግተው «ይኸው!» ሲሉኝ ማንበብ አልችልም ነበር። «እቤትሽ ሆነሽ ጠብቂ፣ ይመለሳል» አሉኝ፤ ጠበቅሁ። አልተመለሰም። በኋላ በዚያ ዕድሜዬ ከሕፃናት ጋር ሀሁ ያልሁት ምናልባት ስለዚያ ወረቀት ይሆናል።

ከደሳለኝ የቀረኝ አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ እሱንም ዓይኑን ጨፍኖ ነው የተነሳው። ፎቶ አንሺው ሰይድ «ተበላሽቷል፣ በሳምንቱ መጥቶ ይነሳ» ብሎን ነበር። ሳምንቱ ሳይሞላ ተወሰደ። ሰይድ እንደዚህ ጨፍነው በተነሱ ሰዎች ፎቶ ላይ በቀጭን ብሩሽ ዓይን መሳል ይችል ነበርና «ልሳልለት» አለኝ። እምቢ አልሁ። የሰው ዓይን በልጄ ፊት ላይ እንዴት ይቀመጣል? የጨፈነውን ለምኜ ወሰድሁት። ግድግዳ ላይ ግን አልሰቀልሁትም። የተኛ ይሁን የሞተ የማይለይ ፊት ማን ይሰቅላል? በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥኔ ውስጥ አኖርሁት።

የቀረችኝ ያኔ ትንሽ ልጅ የነበረችው አዝመራ ናት። ከዓመታት በኋላ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤቷ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃ አለ። ሌሎች ልጆች ነርስ እሆናለሁ፣ መምህር እሆናለሁ ሲሉ እሷ የምትፈልገው ሥራ ሁሉ እኔን የሚያስፈራ ነበር። መጀመሪያ የቀበሌው ኪነት ቡድን ልግባ አለች። «የአለቃ ተገኘ የልጅ ልጅ አደባባይ ወጥታ ትከሻዋን ልትሰብቅ!» ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍሁ። ተወችው።

ቀጥሎ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ካልሆንሁ አለች። የቤታችን ግድግዳ እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ በአሮጌ ጋዜጣ የተለጠፈ ነበር። ወገቧን ይዛ ትቆምና ግድግዳውን በዜና ድምፅ ታነበዋለች። ጋዜጣው ተዘቅዝቆ የተለጠፈበት ቦታ ስትደርስ አንገቷን ጠምዝዛ ትቀጥላለች።

«ዜናውን ያነበብሁላችሁ አዝመራ ታከለ ነኝ!»

«የሦስት ዓመት ዜና ነው፤ ማን ይሰማሻል?»

«አንቺ አለሽ አይደል፣ እማዬ?»

ለሬዲዮ ጣቢያው ደብዳቤ ጻፈች። መልስ አልመጣም። እኔን እንቅልፍ ያሳጣኝ ግን መልሱ አይደለም፤ ስሟን ከነቀበሌዋ ከነቤት ቁጥሯ ጽፋ መላኳ ነው። ያኔ ወረቀት ላይ የሰፈረ ስም ሁሉ ለእኔ የሚፈለግ ሰው ስም ነበር።

በመጨረሻ ሰይድ ዘንድ ፎቶ ማጠብ ጀመረች። ዓይን መሳሉን ከሱ ተማረች፤ ከዚያ ጽሕፈት፣ ከዚያ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ከዚያ የሰው ፊት። አንድ ቀን ሰይድ መንገድ ላይ አስቆመኝ። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ የልጅዎ እጅ ከኔ እጅ አለፈ። እዚህ ሱቅ ውስጥ አትቀብሯት።»

«ምን ላድርጋት ታዲያ?»

«ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ መምህር ይመጣል ተብሏል። ለአብዮት በዓል የተሳሉትን አይቶ፣ ከየአውራጃው አንድ አንድ ልጅ ለትምህርት ይወስዳል። እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይመጣም።»

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሙሉቀን የበዓሉን ስዕል ለአዝመራ ሰጣት። ስለ ሙሉቀን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በልጅነቱ አባቴ በሳሉበት ደብር ዲያቆን ነበር፤ መሰላሉን የሚይዝላቸው እሱ ነበር። ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ዲቁናው ሲነሳበት አይወድም። ሁላችንም ረሳንለት።

የምትስለው እነዚያን ሦስት ጢማሞች ነው፤ የአብዮቱ አባቶች የሚባሉትን ፈረንጆች፣ በየቢሮው የሚሰቀሉትን፣ በየሰልፉ የሚወጡትን። በእንጨት ላይ የተወጠረ ትልቅ አቡጀዴ አመጡላትና እልፍኝ አስገባችው። አሥራ አንድ ቀን ሠራችው። «ሳይጨረስ አታይም» ስላለችኝ አልገባሁም። የጋዝና የቀለሙ ሽታ እስከ ጓዳ ይመጣ ነበር፤ ስታንጎራጉርም ይሰማኝ ነበር። ከወንድሟ ወዲህ በቤቴ ሰው ሲያንጎራጉር ያ የመጀመሪያው ነው።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ገደማ እጇን እየጠረገች ወጣች።

«አለቀ፣ እማዬ! አሁን ለማመልከቻው ፎቶ ልነሳ ሰይድ ዘንድ መሄዴ ነው። የቀበሌው ሰዎች ስምንት ሰዓት ላይ መጥተው መምህሩ ወደሚያይበት አዳራሽ ይወስዱታል። ካልደረስሁ በሸራ ሸፍነሽ ስጫቸው፤ ዝናብ እንዳይነካው።»

«መምህሩ ባይወድልሽስ?»

«ይወዳል። ከመረጠኝ ደግሞ አንቺንም እወስድሻለሁ፤ ግድግዳው አዲስ ጋዜጣ የተለጠፈበት ቤት እንከራያለን» ብላ ሳቀችብኝና ወጣች።

ብዙም ሳትርቅ ጎረቤቴ ወይዘሮ አልጋነሽ ወንፊት ልትዋስ መጣች። አልጋነሽ ወንፊት ስትዋስ ወንፊት ብቻ ይዛ አትሄድም። የእልፍኙን መጋረጃ ገለጥ አደረገች።

«በስመ አብ! ጥሩወርቅ፣ ልጅሽ ምንድን ነው የሳለችው?»

«ጢማሞቹን ነዋ።»

«ጢማሞቹንስ አየሁ። ዓይናቸውን ምን አደረገችው?»

ተከትያት ገባሁ። ሦስቱም ተደራርበው ወደ አንድ ወገን ዞረዋል። ጢማቸው እንደ እውነተኛ ጠጉር ነው፤ ልንካው ልንካው አለኝ። ግን ሦስቱም በጎን ናቸው። አንድ አንድ ዓይን ብቻ።

የደብር ስዕል ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። አባቴ ጻድቅን፣ ሰማዕትን፣ መልአክን ሲስሉ ፊቱን ወደኛ አዙረው በሁለት ዓይን ነው። በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚስሉት ይሁዳን፣ የሰቀሉትን ጭፍሮች፣ ሰይጣንን ነው። ክፉ ሰው ምእመኑን ፊት ለፊት ማየት አይገባውምና። ቀለም ስፈጭ ያደግሁት ይህን እየሰማሁ ነው።

«ቀበሌ የተሰቀለውም እንዲሁ ነው እኮ» አልሁ። ድምፄ ለራሴም ራቀኝ።

«እሱማ የማተሚያ ነው፣ የፈረንጅ ነው፤ ማን ልብ ይለዋል? ይህ ግን ከአለቃ ተገኘ ቤት የወጣ ነው። ሦስት ይሁዳ ሳለችባቸው ይሏታል። መሰላል ሲይዝ የኖረ ሰው፣ አንድ ዓይን ምን ማለት እንደሆነ ይጠፋዋል ብለሽ ነው?»

«ልጅ ናት፣ ሳታውቅ ነው የሳለችው!»

«ደሳለኝስ አውቆ ኖሯል?» አለችና ወንፊቱን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። ክፋት አልነበረባትም። እሷም ፈርታ ነው።

የደብረ ታቦር የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። እኔ ከጢማሞቹ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ልሮጥና ልጄን ልጥራት? ሰይድ ዘንድ ደርሼ እስክመለስ ሰዎቹ ይመጣሉ። አልሰጥም ልበል? ለምን ይሉኛል፤ የሚጠረጥሩትም ያኔ ነው። ዓይኔ ላይ የመጣብኝ ያ የታጠፈ ወረቀት ነው። ያኔ ማንበብ ባለመቻሌ ልጄን አጣሁ። ይህን ግን ማንበብ እችላለሁ አልሁ፤ ይህን እንኳ አንብቤዋለሁ።

ብሩሹን ከጋዙ ጣሳ ውስጥ አወጣሁት።

አባቴ ዓይን የሚስሉት በመጨረሻ ነበር፤ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ። መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ የላይኛውን ሽፋሽፍት በአንድ ስበት፣ ከዚያ ጥቁሩን፤ ጥቁሩም የላይኛውን ቆብ መንካት አለበት፤ ካልነካ የደነገጠ ሰው ይሆናል። እጄ ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ከአፍንጫው ማዶ ቦታ ስላልነበረ ሁለተኛውን ዓይን ከጆሮው ወዲህ፣ ጉንጩ ላይ አደረግሁት። ለመጀመሪያው ሳልሁ፣ ለሁለተኛው ሳልሁ፣ ለሦስተኛውም ሳልሁ። ስጨርስ ሦስቱም ቀና ብለው አዩኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ልጄን ያዳንሁ መሰለኝ።

ሰዎቹ በሰዓታቸው መጡ። በሸራ ሸፍኜ፣ «እርጥብ ነው፣ አትንኩት» ብዬ ሰጠኋቸው። ጥቂት ቆይታ አዝመራ በዝናብ በስብሳ ገባች።

«ወሰዱት?»

«ወሰዱት።»

«አየሽዋ! እውነቱን ንገሪኝ፣ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው። ያያል» አልኋት። አውራ ጣቴ ላይ ጥቁር ቀለም ነበረ፤ በነጠላዬ ሸፈንሁት። ልነግራት ነበር። አፌን ስከፍት ግን ጠጉሯን እያበጠረች፣ ለመምህሩ የምትለውን ብቻዋን ስትለማመድ ሰማኋት፤ ተውሁት። አንባቢዎቼ፣ ከሠራሁት ሁሉ የሚቆጨኝ ዓይኑን መሳሌ አይደለም። ያን ጊዜ ዝም ማለቴ ነው። ብነግራት ሮጣ ትደርስበት ነበር፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር፤ በጨርቅ ይጠረግ ነበር።

እሷ ወደ አዳራሹ ሄደች። አሥር ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ሰይድ ነው፤ ጥላውን እንኳ ሳያጥፍ ገባ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ንገረኝ።»

«ሸራው ሲገለጥ መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ጉንጫቸው ላይ ዓይን ወጥቶባቸው! ከዚያ ከአውራጃው የመጣው ካድሬ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ሳቁ ተቆረጠ። ‹በአብዮቱ ላይ የቀለደው ማን ነው?› አለ። አዝመራ ስዕሉን አየችው፤ ብዙ አየችው። ከዚያ ‹እኔ ነኝ› አለች።»

«እኔ ነኝ አለች?»

«‹ዓይኖቹንም?› አላት። ‹ሁሉንም እኔ ነኝ› አለች። ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዷት። እትዬ፣ እኔ ትናንት አዝመራ አሳይታኝ ስዕሉን አይቼዋለሁ፤ ያ ዓይን አልነበረውም። ማን…» አለና ቃሉ ተቋረጠ። ነጠላዬ ወርዶ ኖሮ አውራ ጣቴን አየው።

«ያ አላህ» አለ ቀስ ብሎ።

«ልሂድ፤ ልናገር።»

«ያስቡበት። ከሄዱ ምናልባት ሁለታችሁም ትገባላችሁ። ካልሄዱ የገባችው አንዲት ናት።»

«በደሳለኝ ጊዜ ጠብቂ አሉኝ፣ ጠበቅሁ» አልሁት። «አሁን አልጠብቅም።»

የዚያን ዕለት ግን ዘበኛው በር ላይ መለሰኝ። ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍሁት አልናገርም። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ምግብ ቋጥሬ ሄድሁ። ዘበኛው እንጀራውን ገልጦ ካየ በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ እንድሰጣት ፈቀደልኝ። ልጄ ዓይኗ አብጧል፤ ደብድበዋት ሳይሆን አልቅሳ ነው። እንደዚያ ነው የነገረችኝ፤ እኔም ማመን መረጥሁ።

«ለምን እኔ ነኝ አልሽ?» አልኋት።

«ምን ልበል? ሳያቸው አወቅኋቸው። የአያቴ ዓይኖች ናቸው፤ ደብሩ ግድግዳ ላይ ያሉት። በዚህ ከተማ እንደዚያ ዓይን የሚስል ከሞተ ቆይቷል። ከቤታችን ሌላ ከየት ይመጣል?»

«አዝመራዬ…»

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ጠልተሽኝ ነው? እንዳልሄድብሽ ብለሽ ነው?»

ለካ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ጨለማ ቤት ውስጥ የተቀመጠችው ይህን እያሰበች ነው።

«ፈርቼ ነው» አልኋት። «አንድ ዓይን ነበራቸው። ሰይጣን ሳለች ይሉሻል ብዬ ፈርቼ ነው።»

ሳቅ ነው ልቅሶ ያልለየሁት ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ተሰማኝ። «ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ እማዬ። ለማንም ይህን የሰይጣን ነገር እንዳትናገሪ። ይህን ከተናገርሽ ሁለታችንም አለቀልን» አለችኝ።

ቤቴ አልሄድሁም፤ ሙሉቀን ቢሮ ገባሁ። ከራሱ በላይ እነዚያው ጢማሞች፣ የማተሚያዎቹ፣ በአንድ ዓይናቸው መስኮቱን ያያሉ።

«ዓይኖቹን የሳልሁት እኔ ነኝ፣ ጓድ ሙሉቀን። ልጄ ስለኔ ብላ ነው የዋሸችው።»

ተነስቶ በሩን ዘጋው። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ምን ነካዎት? ምን አግኝተው ነው?»

«ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።»

«አላውቅም።»

«መሰላሉን…»

«አላውቅም አልሁ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በዲያቆንነቱ ዘመን ያናግረኝ በነበረበት ድምፅ፣ «ነገ የአውራጃው ካድሬ ይጠይቅዎታል። ያ ነገር ከአፍዎ ከወጣ እሷም እርስዎም እኔም ከዚህ አንወጣም። እባክዎን» አለኝ። እሱም እንደኔ የፈራ ሰው መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ አቆሙን፤ እኔን በአንድ ወገን፣ ልጄን በሌላ ወገን። ስዕሉ በመካከላችን ግድግዳ ተደግፏል። ካድሬው ወጣት ነው፤ ከኔ ደሳለኝ አይበልጥም። ከአዲስ አበባ የመጣው መምህር መነጽሩን አውልቆ ስዕሉን ቀርቦ ያያል። ሙሉቀን በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ልጅቱ እኔ ነኝ ትላለች፣ እናትየዋ እኔ ነኝ ትላለች» አለ ካድሬው። «አንዳችሁ ትዋሻላችሁ። እርስዎ መጻፍ እንኳ በቅርቡ ነው የተማሩት፤ ይህን ሊስሉ?»

መምህሩ ቀና አለ። «ቀላል ነው፣ ጓድ። ሁለቱም አንድ አንድ ዓይን ይሳሉ።»

ወረቀትና ብሩሽ አቀረቡ። አዝመራ ቀድማ ሳለች፤ የአያቷን ዓይን ለመምሰል ስትታገል አየኋት። እጇ ግን የሰይድን ትምህርት የተማረ ነው፤ ዓይኑ የፎቶ ዓይን ሆነ። ተራው የኔ ሆነ። ብሩሹን ስይዝ ጣቴ ተንቀጠቀጠ። በልቤ አባቴን ጠራሁ። ነጩን፣ ሽፋሽፍቱን በአንድ ስበት፣ ጥቁሩን ከላይኛው ቆብ አስነክቼ።

መምህሩ ወረቀቱን ወስዶ ከስዕሉ ጋር አስተያየው። «እኚህ እናት ናቸው» አለ።

አዝመራ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ካድሬው ወደኔ ቀረበ።

«ለምን? ማን ላከዎት? ይህ ምን ማለት ነው?»

ሙሉቀንን አየሁት። መሬት መሬት ያያል፤ ከንፈሩ ደርቋል። እውነቱን ብናገር፣ «የአብዮቱን አባቶች ሰይጣን ይመስላሉ አለች» ይባላል። ሙሉቀን ምስክር ይሆናል፤ ልጄም ዲያቆንና ሠዓሊ የተማከሩበት ሴራ ውስጥ ትገባለች። ዝም ብል፣ ላኪ አላት ይባላል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። ይህ ወጣት እንደ ደንቆሮ ነው የቆጠረኝ። እንደ ቆጠረኝ ልሁንለት አልሁ።

«ጌታዬ፣» አልሁ፣ «አዘንሁላቸው።»

«ምን?»

«እንዲህ ያሉ ትልልቅ ሰዎች፣ አገር የሚያከብራቸው፣ በአንድ ዓይን ሲታዩ አዘንሁላቸው። ልጄ የረሳችው መሰለኝ። አንዱ ዓይን ለሁለት ሰዓት ሰልፍ አይበቃቸውም፣ ሕዝቡን በደንብ ይዩት ብዬ ነው።»

ከዚያ በሩ አጠገብ ሙሉቀን ሳቀ። ከልቡ ይሁን ከፍርሃቱ አላውቅም፤ ግን ጮክ ብሎ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዘበኛው ሳቀ። ካድሬው ከንፈሩን ሊነክስ ሞከረ፤ አልቻለም፤ ሳቀ። «ሕዝቡን በደንብ ይዩት!» እያለ ደጋገመው። ሁሉም በኔ ሳቁ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ መምህሩና ልጄ። ልጄ እጇን ከፊቷ አውርዳ ታየኝ ነበር። እናቷ ራሷን ምን አድርጋ እንደሸጠች እያየች ነበር።

«ድንቁርና ነው፣ ጓድ፤ ጠላትነት አይደለም» አለ ሙሉቀን ዕንባውን እየጠረገ። «እሳቸው በቀበሌው ስብሰባ ግለ ሂስ ያድርጉ፤ ልጅቱ ትፈታ።»

በስብሰባው ቆሜ «ደንቆሮ ነኝ» አልሁ። ደጋግሜ አልሁት። ሰው እስኪበቃው ሳቀ። ልጄ ግን በዚያው ቅዳሜ ተፈታች።

ከአዳራሹ ስንወጣ መምህሩ ግቢው ውስጥ አገኘን። ለልጄ «እጅ አለሽ። ጢማቸውን እንዳንቺ የሳለ አላየሁም» አላት።

«ይወስዱኛል?» አለች። ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ነበር።

«ስምሽ የምርመራ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ዝርዝሩ እነሱ ዘንድ ሳያልፍ አዲስ አበባ አይደርስም። አልችልም።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «እናቴ፣ ዓይኖቹ ጥሩ ዓይኖች ናቸው። ቦታቸው ነው የጠፋቸው።»

ያን ዓመት ከሌላ ከተማ ሌላ ልጅ ተወሰደ። አዝመራ ወደ ሰይድ ሱቅ ተመለሰች። ግድግዳውን በዜና ድምፅ ማንበብ ተወች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እማዬ፣ በልተሻል?» ትለኛለች፤ ከዚያ ዝም። እናንተ እናቶች የሆናችሁ፣ እንዲህ ያለውን ዝምታ ታውቁታላችሁ። ጎረቤቶቼ «ልጅሽን እኮ አተረፍሽ» ይሉኛል። አዎን፣ ከእስር አተረፍኋት። ያስገባኋትም እኔ ነኝ። ፍርሃቴ ስለሷ ያሰበ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚያስበው ስለራሱ ነው። አንዴም ቢሆን «አዝመራ፣ ለምን በጎን ሳልሻቸው?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ቀበሌ ከተሰቀለው ምስል እንደ ቀዳችው ትነግረኝ ነበር፤ እኔም የአባቴን ነገር እነግራት ነበር፤ ስቀንበት እናልፍ ነበር። የልጃችሁ ሥራ ሲያስፈራችሁ በአፋችሁ ጠይቁ። እጃችሁን ግን ሰብስቡ። እኔ የምላችሁ ይህችን ብቻ ነው።

ሰይድ እርጅና ዓይኑን ሲያደክመው ሱቁን እሷ ያዘችው። ከጋይንትም ከእስቴም ሰው ለፎቶ ይመጣባታል። ጨፍኖ የተነሳ ሁሉ ከሷ ዘንድ ዓይኑን ገልጦ ይወጣል። በዚህ እጇ በአውራጃው ሁሉ ታወቀች። አዲስ አበባ ግን አልሄደችም።

ከሁሉ ነገር በኋላ፣ ሦስት ክረምት አልፎ፣ አንድ እሑድ ቀን ሱቅ ጠራችኝ። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ የኔ ጨርቅ ነው፤ ከሣጥኔ የወጣ። በላዩ ደሳለኝ ጨፍኖ ተኝቷል።

«ሳልጠይቅሽ ወሰድሁት» አለች። ከዚያ ቀጭኑን ብሩሽ በእጄ አስያዘችኝ። «የሰው ዓይን አይሆንለትም ብለሽ ነበር አሉ። እንግዲያው አንቺ ሳዪለት። አያቴ ያስተማሩሽ ዓይን ይሁንለት።»

ይቅር ማለቷ ነው። ገባኝ። ብሩሹን ያዝሁት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይህ ነው። ልስል እችል ነበር። ግን የአባቴ ዓይን የሰማዕት ዓይን ነው፤ ሰፊ፣ የማይጨፈን። ልጄ ግን ሰማዕት አልነበረም። የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ነበር።

ብሩሹን መለስሁላት።

«ሥራው ያንቺ ነው» አልኋት።

«እኔ እኮ ሕፃን ነበርሁ፤ ዓይኑን አላስታውሰውም።»

«እኔ እነግርሻለሁ።»

አጠገቧ ተቀመጥሁ። እጄን ከነጠላዬ ሥር ሰብስቤ መናገር ጀመርሁ። ቡናማ ነው፣ ጥቁር አይደለም። ግራው ከቀኙ ትንሽ ያንሳል። ሊቀልድብሽ ሲል የታችኛው ቆቡ ከፍ ይላል። እሷ ብሩሹን በምላሷ እያቀጠነች ትስል ጀመር። ስረሳ ትጠይቀኛለች፣ ስትሳሳት አርማታለሁ፤ ስንት ሰዓት እንደቆየን እንጃ። ስትጨርስ ፎቶውን ወደኔ ገፋችው።

ደሳለኝ ሊቀልድብኝ ነበር።